የተቃጠለው የግራ እጅ ጓንት

ጋቭሪል ሞቶ የተገኘው ከተራራው አናት ወዲያ፣ ቁልቁለቱ ሦስተኛ መታጠፊያ ላይ ነው። ሞተር ሳይክሉ ከእሱ ሃያ እርምጃ ርቆ በጎኑ ተኝቷል፤ ፒስቶኑ ግሎ ከሲሊንደሩ ጋር ስለተጣበቀ የኋላ ጎማው ንቅንቅ አይልም። ሞተሩን ከአንድ ቀን በፊት ፈትታ የገጠመችው የገዛ ልጁ ኢስክራ ነበረች። ለመንደራቸው ለብሬስቶቬት ሰው ይሄ ብቻ በቂ ነው። የሟቹ ፎቶ ያለበት የሐዘን ወረቀት በየበሩ ተለጥፎ ሙጫው ሳይደርቅ፣ አገሩ ሁሉ የሞተር ሐኪም ሆኖ ፈርዶ ጨረሰ።

ኢስክራ አላለቀሰችም። ሲያናግሯት ትሰማለች፣ ሲሰጧት ትበላለች፤ የምትበላው ግን ጨው ይኑረው ስኳር አታውቅም። የቀራት አንዲት ጥያቄ ብቻ ናት፤ አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ?

በስምንተኛው ቀን ጠዋት መርማሪ ቶኔቭ መጣ። ጉልበቱን የሚያመው፣ ኪሱ የሱፍ ፍሬ የማይጠፋው ሽማግሌ ነው።

«ዐቃቤ ሕጉ በቸልተኝነት ሰው መግደል ብሎ ወረቀትሽን አዘጋጅቷል» አላት። «የቀረው የእኔ ፊርማ ነው።»

«ይፈርሙበት።»

«ሳላይማ አልፈርምም። የሚስቴን የገበያ ወረቀት እንኳ ሁለቴ ነው የማነበው። ተነሺ፣ ሞተሩን ፍቺልኝ። ጥፋትሽን አንቺው አሳዪኝ።»

ጋራዡን የከፈተላቸው አጎቷ ቬልቾ ነው። እሱና ጋቭሪል ሠላሳ ዓመት አብረው የሠሩበት ቤት ነው። ኢስክራ ከአደጋው ወዲህ ስትገባ ይሄ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ጋራዡ ያለው ሁለት ቁልፍ ነው፤ ከአባቷ ጋር የምትጋራውን በአደጋው ዕለት ለአጎቷ ሰጥታዋለች። ከሞተር ሳይክሉ አጠገብ ቁጢጥ አለች። እጇ ሳታዘው ከሰርባቶዮው፣ ከቤንዚን ማጠራቀሚያው፣ ሥር ወዳለው መዝጊያ ሄደና ቆመ።

«ምነው?» አለ ቶኔቭ።

«ልዘጋው ነበር። ካርቡራቶር ሳይከፈት መጀመሪያ ቤንዚኑ ይዘጋል። ተዘግቷል ግን።»

ቶኔቭ የሱፍ ቅርፊቱን መዳፉ ላይ ተፋ።

ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈታች። ጫፉ እንደ ኖራ ነጥቷል።

«ይሄ ምን ይላል?»

«ደህና ቢሆን የብስኩት ቀለም ነበር የሚኖረው። ሲነጣ፣ ወይ ቤንዚን አንሶታል፣ ወይ በማይገባው በኩል አየር ገብቶበታል። ይሄ ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ነው። ቤንዚን ሲያንሰው ዘይትም ያንሰዋል፤ ይግላል፣ በመጨረሻም ፒስቶኑ ተጣብቆ ይነክሳል።»

በየመጋጠሚያው ያሉትን ጓርኒሲዮኖች አንድ በአንድ አየች፤ አየር የሚያሳልፍ የለም። የሰርባቶዮው ክዳን እንደሚገባው ይተነፍሳል፤ ቀዳዳው አልተደፈነም። በጣሳ የቀዳችው ቤንዚን በጣቶቿ መሃል ወፈር ይላል፤ ዘይቱ አልተረሳም። በመጨረሻ ካርቡራቶሩን ከፍታ፣ መሃሏ የተበሳችውንና ቤንዚን የምታሳልፈውን የነሐስ ቡሎን በካቻቢቴ አወጣች። የቀዳዳው ልክ ራሷ ላይ ተቀርጿል።

«አንድ መቶ አስር። ትክክለኛዋ ናት። እኔም ያስገባሁት አንድ መቶ አስር ነው።» እጇን በጨርቅ ጠረገች። «ጥፋቱን አጣሁት።»

ደስ ሊላት በተገባ ነበር። ነገር ግን አንዲት ስህተት አግኝታ «ይቺ ናት» ብትል እንኳ ይሻላት ነበር፤ አሁን የነካችው ሁሉ ጥፋት መሰላት።

ቶኔቭ ቬልቾን ወደ በሩ ወሰደው። ድምፃቸው ይሰማታል።

«ያን ዕለት ወዴት እየሄደ ነበር?»

«ፕሎቭዲቭ። ውል የሚያጸድቁት ጋ። ጋራዡን ሊሸጠው።»

«አንተስ?»

«ግማሹ የእሱ ነው። እሱ ከሸጠ እኔ ምን እላለሁ?»

«ተራራው አናት ካለው ምንጭ ደውሎልሃል።»

«አረፍ ብያለሁ ሊለኝ ነው።»

«ስድስት ደቂቃ ሙሉ?»

«ወንድማማች ነን፤ ወሬ መች ይጠፋል» አለ ቬልቾ።

ከሰዓት በኋላ ሞተር ሳይክሉን ከመታጠፊያው አንስቶ በመኪናው ያመጣው ክሩም ተጠራ። ጋቭሪልን በአጥር ነገር ሦስት ዓመት ያኮረፈው ጎረቤት ነው።

«እኔን ነው የምትጠረጥሩት?» አለ ገና ከበሩ።

«ሁሉንም ነው፤ አትኩራ። ስታነሣው ቤንዚኑን ዘግተኸው ነበር?»

«እኔ የማውቀው መንጠቆና ሰንሰለት ነው! መንገዱን ሙሉ እየተንጠባጠበ መጣ። መኪናዬ እስከ ዛሬ ይሸታል፣ ሚስቴ አልሳፈርም ብላለች።»

«ለማን አስረከብክ?»

«ለቬልቾ። አስገባውና ቆለፈው።»

ቶኔቭ ሊሄድ ሲል ለኢስክራ የላስቲክ ከረጢት አሳያት። የአባቷ ጓንቶች ናቸው። የቀኙ ደህና ነው፤ የግራው የጣት ጫፎች ግን ጠቁረው ተጨማደዋል። ኢስክራ ረጅም ጊዜ አየችው። የገባት ነገር ነበር፤ እስከ መጨረሻው ልታስበው ግን አልደፈረችም።

በዘጠነኛው ቀን፣ ለሙታን መታሰቢያ የሚበላው ስንዴ ተቀቅሎ፣ ስኳር ተነስንሶበት፣ ጋራዡ ውስጥ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ቀረበ። ቬልቾ፣ ክሩም፣ ጥቂት ጎረቤቶች ቆመዋል። ቶኔቭ ድርሻውን በልቶ አፉን ጠረገና ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ኢስክራ፣ ሲነዱት የግራ እጅ የሚቃጠልበት ቦታ አለው?»

«አለው» አለች። «ካርቡራቶሩ ላይ ያለችው ምላስ ጋ። በብርድ ሲነሣ ቤንዚን የምታበዛዋ። ከሲሊንደሩ ጎን ናት። ስፕሪንግ ስላላት በእጅ ካልተያዘች ትመለሳለች።»

«በጋለ ሞተር ላይ ማን ይይዛታል?»

«ማንም አይይዛትም። ቤንዚን እያነሰው መሆኑን ያወቀ ሰው ካልሆነ።»

«አባትሽ ምንጩ ጋ ካንዴላውን ፈትቶ አይቷል። የፈታበት መፍቻ ምንጩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተረስቶ ተገኝቷል። በሽታውን አውቋል፤ መድኃኒቱንም አውቋል። ምላሷን በግራ እጁ ይዞ ቁልቁለቱን ጀመረ። ታዲያ አንድ መቶ አስር የገባለት ሞተር ለምን ቤንዚን አነሰው?»

ቶኔቭ ጥያቄውን ራሱ መለሰ።

«አንድ መቶ አስር ስላልነበረች ነው። ከኢስክራ በኋላ አንድ ሰው ቀዳዳዋ የጠበበውን ትንሿን ቡሎን አስገባ፤ ከአደጋው በኋላ ደግሞ ትልቋን መለሰ። ክሩም ሲያመጣው ቤንዚኑ ይፈስ ነበር። እዚህ ተቆልፎበት ከርሞ እኛ ስንከፍተው ተዘግቷል። ሲፈስ አይቶ ዘግቶት ቢሆን፣ ትናንት ኢስክራ 'ተዘግቷል' ስትል 'የዘጋሁት እኔ ነኝ' ባለ ነበር። የዘጋው ካርቡራቶር ሊከፍት ነው፤ ካርቡራቶር የሚከፍት መካኒክ መጀመሪያ ይዘጋል። እጁ ነው የዘጋው፣ እሱ አላሰበበትም። ያን ጊዜ የዚህ ቤት ቁልፎች ሁለቱም አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነበሩ።»

ቬልቾ ኪሱን ዳበሰና ትንሿን ቡሎን አውጥቶ ከስንዴው ሳህን አጠገብ አስቀመጣት። ዘጠና ይላል።

«ዳገቱ ላይ እንዲቆም ነበር» አለ። «ዳገት ላይ የቆመ ሞተር ሰው አይገድልም። በመኪና ሄጄ ላመጣው ነበር። የውሉ ሰዓት ያልፋል፣ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን ብዬ። ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም። ምላሷን ይዞ ይወርዳል ብዬ መች አሰብኩ?»

«ምላሷ ብትያዝም፣ ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ስትቀንስ ዘይቱም ይቀንሳል» አለች ኢስክራ ለራሷ በሚመስል ድምፅ። «ሞተሩ ሲነክስ የኋላ ጎማውን ለማስለቀቅ ፍሪሲዮን የሚይዘው የግራ እጅ ነው። እጁ ምላሷ ላይ ነበር።»

«ትልቋን ለምን መለስካት?» አለ ቶኔቭ።

«በኢስክራ እንዳይፈረድ። ምንም ጥፋት ካልተገኘ ይተዉአታል አልኩ።»

«ሰዉ ሲፈርድባት ግን ዝም አልክ።»

ቬልቾ አቀረቀረ።

ኢስክራ ወደ እሱ ዞረች። «አጎቴ፣ ከምንጩ ሲደውል ምን አለህ?»

«ቤንዚን አንሶታል አለ።»

«ሌላስ?»

«ተዪው ኢስክራዬ።»

«ሌላስ?»

«'ልጄ ተሳስታ ትንሿን አስገብታ ይሆን?' አለኝ።»

«አንተስ?»

«ይሆናል አልኩት።» ቬልቾ አሁን ያለቅስ ነበር። «'እንዳትነግራት' አለ። 'ይከፋታል። ስመለስ እኔው ቀይሬ ዝም እላለሁ' አለ።»

ክሩም ኮፍያውን አወለቀ። ቶኔቭ የዐቃቤ ሕጉን ወረቀት ለሁለት አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«አንቺ ምንም አላጠፋሽም» አላት። «አሁን ሁሉም አውቋል።»

ኢስክራ ዘጠና የምትለውን ቡሎን አንስታ ወደ ብርሃኑ ይዛ ቀዳዳዋን አየች። ፀጉር የምታህል ናት።

«አባቴ አላወቀም» አለች።