ከፉከራ ድንጋይ ስር የወጣው

ደወሉ የተሰረቀው በጠራራ ፀሐይ፣ የሐንዞራ ሰው በሙሉ አፉን ከፍቶ ናርዶስን በሚያይበት ሰዓት ነው።

ሐንዞራ ውስጥ ለአደን ወይም ለጦርነት ከከተማው የሚወጣ ሰው መጀመሪያ በሩ አጠገብ ያለው ጥቁር ድንጋይ ላይ ቆሞ መፎከር አለበት። ዝም ብሎ የወጣ ፈሪ ነው፤ በቃ፣ ሴት ልጁን የሚሰጠው የለም። በደወሉ በዓል ቀን ደግሞ የሚሄድበት የሌለውም ይፎክራል፣ ለድምቀት። የዚያን ቀን ሁሉም የሚጠብቀው ናርዶስን ነበር። ገና አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ግን ነብር ገዳይ ናት። የዛሬ ሦስት ዓመት በአንድ የወንጭፍ ድንጋይ ጥላው፣ ንጉሡ በገዛ እጁ የብር አምባር ቀኝ ክንዷ ላይ አጥልቆላታል። አምባሩን ስትተኛም አታወልቀውም። ከሰው ጋር ስታወራ ሳያስፈልጋት ክንዷን ከፍ ታደርጋለች፣ እንዲያብረቀርቅ።

ድንጋዩ ላይ ወጣችና ወንጭፏን ከራሷ በላይ አዞረችው።

«ዘራፍ የነብሩ ገዳይ!» አለች። «በእግሩ የሚሄድ፣ በክንፉ የሚበር፣ ከእኔ እጅ የሚያመልጥ የለም። እግዜርም ነብሩን ሲፈጥር ለእኔ ብሎ ነው የፈጠረው።»

ሰዉ መጀመሪያ ደንገጥ አለ፣ ከዚያ ሳቀ፣ ከዚያ እልልታው ቀለጠ። ናርዶስ ድንጋዩ ከእግሯ ስር ሲንቀጠቀጥ ከእልልታው ብዛት መስሏት ነበር።

ከድንጋዩ ስር የወጣው ነገር መልኩ የእስስት ነው፣ መጠኑ የበሬ። በተነፈሰ ቁጥር ቆዳው ከአረንጓዴ ወደ ወርቅ፣ ከወርቅ ወደ ደም ይቀየራል። ጀርባው ላይ ክንፍ፣ አንገቱ ስር እንደ ስልቻ የተንዘረጠጠ ቆዳ አለው። ናርዶስ ወነጨፈች። የወንጭፉ ድንጋይ በግራው በኩል አለፈ፤ ሳተችው። አውሬው ዞር ብሎ እንኳን አላያትም። በርሮ ቤተ ክርስቲያኑ ላይ አረፈ፣ እንስራ የሚያህለውን ደወል ከነእጀታው ዋጠ፣ ከዚያ ወደ ሰባራው ተራራ ሄደ።

ደወሉ ጌጥ ቢሆን ማንም ባላለቀሰ ነበር። ግን የሐንዞራ ሐይቅ የሚፈራው እሱን ብቻ ነው። ጠዋት ሲደወል ውሃው ወደ ኋላ ይላል፤ ካልተደወለ በቀን አንድ ደረጃ ይወጣል። ከሐይቁ ዳር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር አሥራ ሁለት ደረጃ አለ። ከአሥራ ሁለተኛው ወዲያ ያለው ከተማው ነው፣ ቁልቁል።

በስድስት ቀን ውስጥ ሦስት የፈረሰኛ ቡድን እየፎከረ ወጣ። የተመለሱት ፈረሶቹ ብቻ ናቸው። የከተማው ዘበኞች ደግሞ ተራራው ጫፍ ላይ የሚያዩት አውሬ ከበሬነት አልፎ ቤት አክሏል አሉ።

በሰባተኛው ቀን ናርዶስ እኔ እሄዳለሁ አለች። እውነቱን ለመናገር ያሳሰባት ከተማው ብቻ አይደለም። ያንን የሳተችውን ድንጋይ ሰው ሁሉ አይቶታል፤ ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ነብር ገዳይ ብሎ የጠራት የለም። እሱ ነው እንቅልፍ የነሳት።

አብሯት ለመሄድ የቆረጡት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ደዋዩ መነኩሴ አባ ምሕርካ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ደወሉ ስር ቆሞ ጆሮው ከብዷል፣ ስለዚህ ምስጢር ሲያወራም ይጮሃል። ያ አውሬ ስሙ ዛጎምባ እንደሆነ፣ እሱ ልጅ እያለ ጣት የምታህል እስስት ሆኖ ድንጋዩ ስር እንዳየው፣ በየበዓሉ እየወፈረ እንደሄደ ለዓመታት ሲናገር ኖሯል። የሚበላው ፉከራ ነው ይላል። ሰው ግን አባ ጃጀ ብሎ ነው የሚያልፈው።

ሁለተኛው ቢተው ነው፣ የአጎቷ የጎርፉ ልጅ። ቢተው አፉ አያርፍም። ለምን እንደማያርፍ ደግሞ ከተማው ሁሉ ያውቃል። አባቱ ያ ነብር በተገደለ ቀን ጀርባው ተዘንጥሎ ጫካ ውስጥ ሞቶ ተገኘ፤ ጦሩ የለም። ጦሩን ጥሎ ሲሸሽ ነብሩ ከኋላ ያዘው ተባለ። ቢተው ከዚያን ቀን ጀምሮ የፈሪ ልጅ ነው። ለዚህ ነው ከማንም በላይ የሚፎክረው።

አባ ምሕርካ በጓሮ በር ዝም ብለን እንውጣ አለ። ናርዶስ ከንፈሯን ነክሳ እሺ አለች። ቢተው ግን እሺ አላለም፤ ዞሮ ድንጋዩ ላይ ወጣና የአውሬውን ቆዳ ለእናቱ ምንጣፍ እንደሚያደርገው፣ ጥርሱን ለዶሮዎች ማስፈራሪያ እንደሚሰቅለው ፎከረ። እየሮጠ ሲደርስባቸው ፊቱ በራ ብሎ ነበር። አባ በዱላው ወደ ተራራው አመለከተው። ጫፉ ላይ የነበረው ጥላ እያዩት አበጠ፣ እንደ ሊጥ።

«ምንጣፉ ሰፋልህ» አለው አባ።

ከዚያ በኋላ ቢተው ግማሽ ቀን ሙሉ አልተናገረም። ናርዶስ እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም።

ሁለት ቀን ደወሉን የምትጭነውን በቅሎ እየጎተቱ ሄዱ። መንገድ ላይ አባ ምሕርካ ስለ ውዳሴ ከንቱ አስተማራቸው። ሌላው ኃጢአት ሲጾሙ ይደክማል፣ ይሄኛው ግን ጾሙንም ይበላዋል ይላል። ስትጸልይ አብሮህ ይጸልያል፣ ምጽዋት ስትሰጥ አብሮህ እጁን ይዘረጋል። ቢተው ከት ብሎ ሳቀ። ናርዶስ አልሳቀችም። አምባሩ ክንዷ ላይ ከብዷት ነበር፣ ለምን እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቃትም።

በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ስትወጣ ዋሻው ጋ ደረሱ። መግቢያው ላይ የፈረሰኞቹ ጋሻ ተበታትኗል፣ አጥንትም አለ። ዛጎምባ ጠግቦ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ምላሱ በር ያህላል። ከጉሮሮው ወዲያ፣ ያ ስልቻ ውስጥ፣ የደወሉ እጀታ ይታያል። ጦር ቢወረውሩበት ይነቃል። መግባት የሚችል ቀጭን ሰው ነው፤ ቀጭኗ ናርዶስ ናት።

ወንጭፏን አስቀመጠች። ቢተው ወገቧን ይዞ እግሩን ዓለት ላይ አስደገፈ፣ አባ ደግሞ የቢተውን ቀበቶ ያዘ። ናርዶስ ጥርሶቹ መሃል በሆዷ ተስባ ገባች፣ ቀኝ እጇን ዘረጋች፣ እጀታውን ጨበጠች። ልክ ስትስበው አንድ ዓይኑ ተገለጠ።

አልነከሳትም። አወራት። ድምፁ የእናቷ፣ የንጉሡ፣ የሠፈር ልጆቹ ሁሉ ድምፅ ነበር።

«የነብሩ ገዳይ መጣሽ? ሦስት ቡድን ያልደረሰበት አንቺ ደረስሽ። እንዳንቺ ያለ ማን አለ?»

ሳታስበው ደስ አላት፣ እዚያ ግም ጉሮሮ ውስጥ ሆና። መንጋጋው ሰፋ፣ እጇ ነጻ ሆነ፣ ደወሉ ግን አንድ ክንድ ወደ ውስጥ ሸሸ። ተንጠራርታ በጣቶቿ ጫፍ ያዘችው። አውሬው አብጦ ጀርባው የዋሻውን ጣሪያ ሲቧጥጥ ተሰማት። አባ ከውጭ አትስሚው እያለ ይጮሃል።

«እኔ ምንም አይደለሁም» አለች ናርዶስ። «ኃጢአተኛ ነኝ፣ ትቢያ ነኝ።»

«አቤት ትሕትና» አለ ዛጎምባ በቄሶቹ ድምፅ። «እንዲህ ያለች ትሑት ልጅ ሐንዞራ አይታ አታውቅም።»

እውነትም ትሕትናዋ ቆንጆ ሆኖ ታያት። አውሬው እንደገና አበጠ፤ ጣሪያው ላይ ያለው ዓለት ተሰነጠቀ። ያኔ ገባት። መዋረድንም ይበላል። የማይበላው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገረችውም። ወገቧን የያዙት እጆች የማን እንደሆኑ አሰበች። ቢለቃት ትዋጣለች።

«ነብሩን አልገደልኩትም» አለች።

መንጋጋው አንድ ስንዝር ጠበበ። ጥርሱ ክንዷ ላይ አረፈ። ደወሉ ግን ወደ እሷ መጣ።

«በድንጋይ ከመምታቴ በፊት ሊሞት ደርሶ ነበር። ደረቱ ላይ ጦር ተሰክቶበታል። የጋሼ ጎርፉ ጦር ነው።»

አጥንቷ ሲንቋቋ ሰማችው። ዛጎምባ በእናቷ ድምፅ ልጄ ተይው፣ ማንም አላየሽም እያለ ለመናት። አሁን ዝም ብትል እጇ ይተርፋል። አወቀችው።

«ጋሼ ነብሩን ፊት ለፊት ነው የወጋው፣ እኔ ነብሩ መንገድ ላይ ስቆም ለእኔ ብሎ። ከዚያ እኔን አቅፎ ጀርባውን ሰጠው። ጀርባው የተዘነጠለው እንደዚያ ነው። ጋሼ ከሞተ በኋላ ጦሩን ነቅዬ ገደል ከተትኩት፣ ነብሩን በድንጋይ መታሁት፣ ሮጬ ሄጄ ገደልኩ አልኩ። ቢተው፣ አባትህ አልሸሸም።»

ወገቧን የያዙት እጆች ለቀቁ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ምንም የያዛት አልነበረም፤ ወደ ውስጥ መንሸራተት ጀመረች።

«ቢተው» አለ አባ ምሕርካ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ በቀስታ ተናገረ።

እጆቹ ተመለሱ። ቢተው እያለቀሰ ጎተታት፣ በሙሉ ኃይሉ፣ እንደሚጠላት ሰው። ዛጎምባ ከቤት ወደ በሬ፣ ከበሬ ወደ ፍየል እየተኮማተረ ሄደ፣ መንጋጋው ግን ክንዷ ላይ እንደተቆለፈ ነው። ደወሉ ተንከባሎ ወጣና ዓለቱን ሲመታ ዋሻው ሁሉ ጮኸ። በመጨረሻ ጣት የምታህል እስስት ከተጨፈለቀው አምባር ላይ ወርዳ ድንጋይ መሃል ጠፋች።

ቀኝ እጇ የሚተርፍ አልነበረም። ብሩ ሥጋዋ ውስጥ ገብቷል። አባ ምሕርካ ጸሎቱን እየጮኸ በቢላዋ ከክርኗ በታች ቆረጠው፣ በጋለ ብረት ተኮሰው፣ በነጠላው አሰረው። ቢተው ራሷን ይዞ ነበር፣ ፊቷን ግን አያያትም።

በቅሎዋ ላይ ናርዶስን አስቀመጧት፣ ደወሉን ቢተው ተሸከመው። ሁለት ቀን ሙሉ ከፊት ከፊት ሄደ። ናርዶስ በትኩሳቷ መሃል እስስቷ ሞታ ይሆን ወይ ብላ አባን ጠየቀችው።

«አትሞትም» አላት። «ምግቧ ወዳለበት ከእኛ ቀድማ ትገባለች። ትንሽ ሆና እንድትኖር ማድረግ ነው የኛ ፈንታ።»

ሲደርሱ ውሃው አሥራ አንደኛው ደረጃ ላይ ነበር። ሰዉ ዕቃውን ተሸክሞ ጣሪያ ላይ ወጥቷል። አባ ምሕርካ ደወሉን ሰቅሎ ገመዱን ሲስበው ሐይቁ መጀመሪያ ዝም አለ፣ ከዚያ እንደ ተቆጣ ከብት እየነፋ፣ ደረጃ በደረጃ ወደ ኋላ ሄደ። እልልታው፣ ለቅሶው፣ ግፊያው አይነገርም። ንጉሡ ራሱ መጥቶ የተቆረጠ ክንዷን አየና የወርቅ አምባር ለግራው አመጣ። ሕዝቡ ተሸክሟት ሄዶ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ አቆማት። ፎክሪ፣ ፎክሪ አሏት።

ናርዶስ እናቷን ከፊት አየቻት፤ ኩራቱ ከፊቷ ላይ ሊፈስ ደርሷል። ቢተው ከሁሉም ኋላ ግንብ ተደግፎ ቆሟል።

«ዘራፍ» አለች። «ዘራፍ ጎርፉ፣ የነብሩ ገዳይ። ጀርባውን ለነብር የሰጠ፣ ልጅ አቅፎ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው፣ ጦሩ የወደቀበትን ገደል ሳይቀር። እናቷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ንጉሡ የወርቁን አምባር በዝግታ ወደ ኪሱ መለሰ። እልል ያለ የለም። አንድ ሽማግሌ ብቻ ኮፍያውን አውልቆ ወደ ቢተው ዞረና እጅ ነሳ፤ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው።

ናርዶስ በአንድ እጇ ድንጋዩን እየደገፈች ወረደች። ሰዉ ገለል እያለ አሳለፋት። ትንሽ እንደሄደች ግን ሁለት ሴቶች በሹክሹክታ ሲያወሩ ሰማች። ማን እንዲህ ያደርጋል፣ እንዴት ያለች እውነተኛ ልጅ ናት፣ ቅድስት እኮ ናት ይላሉ። ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ሞቅ አላት። ወዲያው ከኋላዋ፣ ከድንጋዩ ስር፣ ጥፍር ሲቧጥጥ ሰማች። በጣም ትንሽ ጥፍር።

በሩጫ ግንቡ ጋ ሄደች።

«ቢተው፣ ቶሎ በል ስደበኝ» አለችው።

ቢተው ከዋሻው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አየ።

«ሌባ» አላት።

ቃሉ እንደ ዛጎምባ ጥርስ አመማት። የጥፍሩ ድምፅ ቆመ። ቢተው ግን አልሄደም። የተቆረጠ ክንዷ ላይ የላላውን ጨርቅ አየ፣ አንገቱን ነቀነቀ፣ ጎንበስ ብሎ እንደገና ያስርላት ጀመር።

«ደግሞ ስትወነጭፊ ሁልጊዜም ወደ ግራ ትስቻለሽ» አለ፣ ቋጠሮውን በጥርሱ እያጠበቀ። «ነገ ጠዋት ነይ። ጦሩን ፍለጋ ገደሉ ጋ እንወርዳለን።»