ፏፏቴው ስር አቤት ያልኩ ቀን

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ ጋኔን፣ ቆሌ፣ ምናምን የሚባል ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም፣ እናቴ «በቀትር ወንዝ ዳር አትቁሚ» ስትለኝ «እሺ፣ ጋኔኑ ምሳ ሲወጣ እሄዳለሁ» ብዬ የምመልስ አፈኛ ነኝ፣ ጎረቤታችን ልጇን ሲያተኩሰው «ሰው በዓይኑ በላብኝ» ስትል «ክኒን ግዢለት» ብዬ የተጣላኋትም እኔው ነኝ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር፣ እዚሁ አዳማ ልብስ ፋብሪካ ገባሁ፣ ቀኑን ሙሉ የሸሚዝ እጅጌ ስገጥም እውላለሁ፣ ስለ መንፈስ የማስብበት ጊዜም የለኝም። የምነግራችሁ እንደሆነው ነው፣ አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

ስሜ ትዕግስት ነው። አባቴ ምን አስቦ እንዳወጣልኝ አላውቅም፣ እኔ እቴ ሻይ እስኪበርድልኝ የማልጠብቅ፣ ታክሲ ሳይቆም የምወርድ ሰው ነኝ። ይሄንን ያነሳሁት በኋላ ስለሚመጣ ነው።

ጫልቱ ከጎኔ ያለው ማሽን ላይ የምትሰፋ ጓደኛዬ ናት፣ የአርሲ ልጅ፣ ብዙ አታወራም፣ ካወራች ግን ትወጋለች። ያን እሁድ ሙቀቱ አዳማን አስፋልቱ ላይ ሊጠብሳት ነበር፣ እኔ ደግሞ ውሃ ካየሁ አልቆምም፣ «ሶደሬ እንሂድ» አልኳት።

«እሁድ ሶደሬ የምትዋኚው ውሃ ውስጥ ሳይሆን ሰው ውስጥ ነው» አለችኝ። «አክስቴ ሰፈር ጫካው ውስጥ ፏፏቴ አለ፣ ማንም አይወርድበትም።»

እናንተ ብትሆኑ ለምን አይወርድበትም ብላችሁ ትጠይቁ ነበር። እኔ የጠየቅኩት «ጥልቀት አለው?» ብቻ ነው።

በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር ሄድን፣ የቦታውን ስም አልጽፍም፣ ምክንያቱም ከእናንተ መሃል እንደኔ ያለች አንዷ ነገ ተነስታ ትሄዳለች። የጫልቱ አክስት ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ድንች ሲለቅሙ አገኘናቸው፣ ጫልቱ «አዳዳ» ነው የምትላቸው፣ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው፣ እኔም ቶሎ ብዬ አዳዳ አልኳቸው። «አካም ጅርቱ» ተባባልን፣ ዳቦ አበሉን፣ ወደ ፏፏቴው እንደምንወርድ ሲሰሙ ግን ድንቹን ትተው ተነሱ፣ ከአጥሩ ስር እርጥብ ሣር በእጃቸው ነጭተው ለሁለታችንም አንዳንድ እፍኝ ሰጡን።

«ስትደርሱ ውሃው ላይ አስቀምጡ» አሉ። «ከታች ስም አትጠራሩ። ስምሽ ሲጠራ ከሰማሽ ደግሞ ሦስት እስኪሞላ ዝም በዪ። ሰው ከሆነ ሦስት ጊዜ ይጠራል።»

«ሰው ካልሆነስ፣ አዳዳ?» አልኳቸው ሳቄን ይዤ።

«አንድ ይበቃዋል» አሉኝ። እሳቸው አልሳቁም።

መንገዱ አንድ ነው፣ ይሄንን ልብ በሉልኝ፣ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው በኩል እሾህ ነው፣ ቀኝ ግራ የሚባል ነገር የለውም፣ ግማሽ ላይ ሲደርስ አንድ ትልቅ ዋርካ ዞሮ ይወርዳል፣ በቃ። ሃያ ደቂቃ ወረድን። እኔ ሣሩን ፊቴን ሳራግብበት ቆይቼ የሆነ ቦታ ጣልኩት። ጫልቱ የሷን ጎንበስ ብላ ውሃው ዳር አስቀመጠች፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ከዚያ እግሯን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ ሙዝ መላጥ ጀመረች፣ ዋና አትችልም።

ውሃው እንዴት እንደሚያምር ብነግራችሁ ነገ ትሄዳላችሁ፣ ስለዚህ አልነግራችሁም። ብርዱ አጥንት ይገባል። እየዋኘሁ ፏፏቴው ስር ደረስኩ፣ ውሃው ራሴ ላይ እየወረደ ጆሮዬን ሲደፍነው፣ ከጀርባው፣ ከአለቱ በኩል፣ «ትዕግስት» የሚል ሰማሁ። አንድ ጊዜ። ቀስ ብሎ፣ እንደሚያውቀኝ ሰው።

«አቤት!» አልኩ።

አትፍረዱብኝ። እኛ ፋብሪካ ስድሳ ማሽን በአንድ ጊዜ ይጮሃል፣ ሱፐርቫይዘሯ ስም ስትጠራ አቤት ለማለት ከዘገየሽ ሰው ፊት ታዋርድሻለች፣ ስለዚህ አቤት ምላሳችን ጫፍ ላይ ነው የምታድረው፣ ሳናስብ ነው የምትወጣው። ከፏፏቴው ስር ስወጣ ጫልቱ ሙዙን በእጇ እንደያዘች ቆማለች።

«ማንን ነው አቤት ያልሽው?»

«አንቺን ነዋ።»

«እኔ አልጠራሁሽም።»

ያኔ ነው የውሃው ድምፅ ዝቅ ያለው፣ ሬዲዮ ሲቀንሱት እንደሚሆነው፣ ውሃው ግን እንደዚያው እየወረደ ነው። ዛፎቹ ላይ ስንመጣ ሲዘሉ የነበሩት ጉሬዛዎች ሁሉም ተቀምጠዋል፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ፏፏቴው አዙረዋል። እኛን አላዩንም።

ልብሴን እርጥብ ገላዬ ላይ ለበስኩ፣ ነጠላ ጫማዬ ግን አንዱ የለም፣ ጎን ለጎን ነው ያወለቅኳቸው፣ እመኑኝ። «ተይው!» አለች ጫልቱ፣ እጄን ይዛኝ ሽቅብ ሆንን። የውሃው ድምፅ እየራቀ ሄደ፣ ዋርካው ጋ ደረስን፣ ዞርነው፣ አሁን አጥሩ ይታያል ስል የውሃው ድምፅ ከፊታችን መጣ። ወረድን አላልኩም፣ እየወጣን ነበር፣ ጉልበቴ ያውቃል። ከፊታችን ግን ኩሬው ነው፣ ድንጋዩ ላይ የጫልቱ የሙዝ ልጣጭ ተቀምጧል።

እንደገና ወጣን፣ በሩጫ። በዚህኛው ዙር ዋርካው ስር የጠፋው ጫማዬ መንገዱ መሃል ቁጭ ብሎ ጠበቀን፣ ደረቅ፣ አፍንጫው ወደ ታች፣ ወደ ውሃው ዞሮ። አላነሳሁትም። ዞርን፣ ኩሬው። ስልኬ ኔትወርክ የለውም። ጥላዬን ፈለግኩ፣ እግሬ ስር ነው፣ ስንመጣም እግሬ ስር ነበር፣ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ተቸንክራለች።

ጫልቱ ማልቀስ ጀምራ በመሃል ተወችው። «የያዘው አንቺን ነው» አለችኝ። «እኔ አቤት አላልኩም። እጅሽን ስለያዝኩ ነው እኔም የምዞረው። ልቀቂኝ።»

«ጥለሽኝ ልትሄጂ?»

«ወጥቼ ከላይ ልጠራሽ። ሦስት ጊዜ። ሦስተኛው ላይ አቤት ካልሽ በጠራሁሽ በኩል ትወጫለሽ፣ አዳዳ ከብት ተከትለው ወርደው የሚያዙትን ጠባቂዎች እንደሱ ነው የሚያወጧቸው።»

«ካልጠራሽኝስ?»

«አንቺ ደደብ» አለችኝ፣ «ሰኞ አጠገቤ ማን ሊሰፋ ነው?»

ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈለቀቀቻቸው። እውነቱን ልናገር፣ ተጣበቅኩባት፣ ሰደብኳትም፣ ጀርባዋ ዋርካው ጋ ሲሰወር ለሁልጊዜ የሄደች መሰለኝ። እንደ እኔ ጠፍታ ትመለሳለች ብዬ ጠበቅኩ፣ አልተመለሰችም፣ እሷን መንገዱ አሳለፋት። ይሄ የሚያስደስት ነገር መሆን ነበረበት፣ እኔ ግን በሩ ለእኔ ብቻ የተዘጋ መሆኑ ገባኝ።

ለውሃው ጀርባዬን መስጠት ፈራሁ፣ ፊቴንም መስጠት ፈራሁ፣ ጎኔን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ከፏፏቴው ጀርባ አንዳንዴ ሰው ገላውን ሲታጠብ እንደሚያሰማው ዓይነት ቸብ፣ ቸብ ይላል። ድንጋዩ ላይ እርጥብ የእግር ዱካ አለ፣ የራሴ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ፣ የደረቀ ድንጋይ ላይ አዲስ ሲጨመር ግን ማየቱን ተውኩ።

ከዚያ ከላይ ሰማሁ፣ ከሩቅ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ «ትዕ-ግስት!»

ጥርሴን ነከስኩ። አንድ።

«ትዕ-ግስት!» ቁና ቁና እየተነፈሰች። ሁለት።

ሦስተኛው ዘገየ፣ እኔ ደግሞ ታውቁኛላችሁ። ቸብ የሚለው ድምፅ ቀርቦ ከጀርባዬ መጥቶ ቆመ። አንድ ነገር ሊነካኝ ነው ብዬ ቆዳዬ ሁሉ ተሸማቀቀ።

«ትዕግስት።»

«አቤት! አቤት!» ብዬ ተነስቼ ሮጥኩ። መንገዱ አንዴም አልዞረም፣ ዋርካውን አልፌ፣ እሾሁ እጄን እየቧጨረኝ፣ ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ የአዳዳ አጥር ጋ ደረስኩ። ጫማዬን መንገድ ላይ አላየሁትም።

ጫልቱ አጥሩ ጋ ቆማለች፣ ላብ አጥምቋታል። ላቅፋት ስል ወደ ኋላ አለች።

«ምነው?»

«ሁለት ጊዜ ነው የጠራሁሽ» አለችኝ። «ለሦስተኛው ትንፋሼን እየሰበሰብኩ ሳለ አቤት አልሽ።»

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ፣ ሦስተኛው ድምፅ አልደከመም ነበር። ያን ሁሉ ዳገት የወጣ ሰው ድምፅ አልነበረም።

አዳዳ መጥተው ፊቴን ሳይሆን እግሬን አዩ፣ ጫልቱን በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቋት፣ እሷም ራሷን ነቀነቀች፣ ምን እንዳሏት እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። በግቢያቸው ግን አላሳለፉኝም፣ «በውጭ በኩል ዙሪ፣ ልጄ» አሉኝ፣ በለሆሳስ፣ ሰውን ላለማስቀየም እንደሚናገሩት።

ይኸው ወራት አልፈዋል። እንደ ድሮዬ እሰፋለሁ፣ እበላለሁ፣ እስቃለሁ፣ ሶደሬ ግን ሄጄ አላውቅም፣ ፀጉሬም ብጠርገው ብጠርገው ጠዋት ትራሴን ያረጥበዋል፣ እናቴ ላብ ነው ትላለች፣ እኔም ላብ ነው እላለሁ። ጫልቱ አሁንም አጠገቤ ናት፣ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ስሜን ጠርታ አታውቅም፣ «አንቺ» ነው የምትለኝ፣ ክር ስታቀብለኝ ትከሻዬን ነካ አድርጋ ነው።

ባለፈው ሳምንት የምሳ ሰዓት ላይ ነጥዬ ያዝኳት። «በቃ ጥሪኝ» አልኳት። «የቀረችውን አንዷን ጥሪልኝና ይለቅልኝ።»

ምግቧን አስቀመጠች።

«ብጠራሽ» አለች፣ «እና ከዚያ ከታች አቤት ብትዪስ?»