ሻይ የሚሸት አስከሬን

ሟቹ ከስብሰባ አዳራሹ የኋላ ጠረጴዛ አጠገብ፣ ቆቡን ጭኑ ላይ እንዳደረገ፣ እንቅልፍ የጣለው ሰው መስሎ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። እግሩ ሥር ባዶ የመጠጥ ጠርሙስ ተጋድሟል። ሸሚዙ ከደረቱ እስከ ቀበቶው ርሷል፤ ሽታው ገና በሩ ላይ ይቀበላል። ፊት ለፊት፣ መድረኩ ላይ ደግሞ ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሏል፦ «በክልላችን የመጠጥና የዕፅ ሱስ እየቀነሰ ነው!»

የጤና ቢሮው ኃላፊ ሪፖርቱን ለመስማት ለመጡት ጋዜጠኞች ነገሩን በማይክራፎን ነግሮ ጨርሷል። «አንድ የቀድሞ ሱሰኛ ሠራተኛችን ሰክሮ ሕይወቱ አልፏል» አላቸው። ሐኪም ሳያይ፣ ፖሊስ ሳይደርስ። አንዴ ሰካራም የተባለ ሰው ሲሞት ደግሞ ምን ምርመራ ያሻዋል?

መርማሪው ሲገባ ማንም አልተነሣለትም። አንገተ ረጅም፣ ኮቱ የወየበ፣ እሱ ያሠለጠናቸው ልጆች አለቆቹ የሆኑበት ሰው ነው። ባልደረቦቹ በሌለበት «አሞራው» ይሉታል፤ እሱም ያውቃል።

«እስቲ ቶሎ ጨርስልን» አለው ኃላፊው። «እንግዶች በረንዳ ላይ ቆመዋል።»

«ሟቹ ግን አልቸኮለም» አለ አሞራው።

ጎንበስ ብሎ አፍንጫውን ወደ ሸሚዙ፣ ቀጥሎም ወደ ሟቹ አፍ አስጠጋ። ኃላፊው ፊቱን አዞረ። አሞራው ቀና ሲል ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ምንም የለበትም። ጉንዳኖች ግን ክብ ሠርተው ተሰልፈዋል፤ በሟቹ ቀኝ እጅጌ ላይም ወጥተዋል።

የሱስ ማገገሚያውን ነርስ ወደ መስኮቱ ወሰዳት።

«ማን ነበር?»

«ሾፌሩ እንለው ነበር። ድሮ አውቶቡስ ይነዳ ነበር፤ መጠጥ መንጃ ፈቃዱን አስነጠቀው። ካቆመ ዓመታት አለፉ። እነዚህ ዲግሪ የያዙት ሲጠይቋቸው ሱሰኞቹ ስለሚሸሹ፣ መረጃ የሚሰበስበው እሱ ነበር።»

«ሸሚዙ ምን ይሸታል?»

ከንፈሯን ነከሰች። «ስፒሪት። ከመርፌ በፊት ቆዳ የምንጠርግበት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«የባሰባቸው ይጠጡታል። እዚህ ድረስ ወረደ ብዬ አፈርኩለት።»

«ስፒሪት የት ይገኛል?»

«እኔ ክፍል። መድኃኒት መጋዘኑም ውስጥ።»

«ሻይ ሰጥተሽው ታውቂያለሽ?»

«ስንቴ! ንክች አያደርገውም። የድሮ ጓደኞቹ ለስላሳው ውስጥ መጠጥ ቀላቅለው ሊስቁበት ሞክረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከእህቱ ቤት ካልመጣ ውሃም አይጠጣም ነበር።»

አሞራው ጠርሙሱን አነሣው። አንገቱ ላይ አቧራ አለ። ግድግዳው ላይ፣ ለተማሪዎች ማስተማሪያ ከተደረደሩት ባዶ ጠርሙሶች መካከል አንድ ቦታ ክፍት ነው።

ቀጥሎ የመጋዘኑን ኃላፊ ጠራው። የሾፌሩ እህት ባል ነው፤ ቢሮው «ጻድቁ» ይለዋል።

«ውሻ ወደ ትፋቱ ይመለሳል፣ አቶ መርማሪ» አለ ጻድቁ እጁን አጣምሮ። «ስንት መከርኩት!»

«እርስዎ መጠጥ ቀምሰው ያውቃሉ?»

«እግዜር ይጠብቀኝ! በሠርጌ ቀን እንኳ ብርጭቆ ያነሣሁት በውሃ ነው።»

«ሽታውን ለይተው ያውቁታል?»

«ምኑን እለየዋለሁ? መጠጥ መጠጥ ነው።»

አሞራው ራሱን ነቅነቅ አደረገ።

ያን ጊዜ በሩ ተበርግዶ አንዲት ሴት ገባች። ልብስ ሰፊ ናት፤ የመለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ዘበኛው እጅጌዋን ይዞ ይጎተታል።

«ወንድሜ አልጠጣም!»

«እመቤት፣ ኀዘንዎ ይገባናል» አለ የቢሮው ኃላፊ።

«አይገባህም! ቆሞ ሲሄድ ሰካራም አላችሁት፤ ሞቶም አልተዋችሁትም! ይህን ስም ይዞ አይቀበርም!»

«ተቀመጪ፣ እህቴ» አላት አሞራው። «ሁላችሁም ተቀመጡ። የዚህን ሰው አፍ ማንም አላሸተተውም። ቀድማችሁ ታውቁት ነበራ! እኔ አሸተትኩት። ሸሚዙ ስፒሪት ነው፤ አፉ ግን ሻይ ይሸታል። ቀረፋ ያለው ሻይ። ስፒሪቱን የጠጣው ሸሚዙ ብቻ ነው።»

ነርሷ አፏን በእጇ ያዘች።

«ጉንዳን ለስፒሪት አይሰለፍም። ጣፋጭ ነገር የፈሰሰበት ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ክቡ ቀርቷል፤ ዕቃው የለም። ጠርሙሱን እንድናይለት ያስቀመጠ ሰው ያንን ዕቃ ለምን ሸሸገው? የማን እንደሆነ ስለሚታወቅ ነው። እህቴ፣ ሻይ በምን ነበር የምትልኪለት?»

«በፔርሙዝ። ቀረፋ አድርጌ። ዛሬም ከባለቤቴ ጋር ልኬለታለሁ።»

አንገት ሁሉ ወደ ጻድቁ ዞረ።

«ረስቼዋለሁ!» አለ ጻድቁ። «ፔርሙዙ ቤት ነው። ንገሪያቸው እንጂ አንቺ!»

ሴትዮዋ ባሏን አየችው። የልጆቿ አባት ነው። አንዲት «አዎ» ብትል ቤቷ አይፈርስም። አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር በሁለት እጇ ጨበጠች።

«ቤት የለም» አለች። «ክዳኑን አጥብቄ በእጅህ የሰጠሁህ እኔ ነኝ።»

አሞራው ከሟቹ ጭን ላይ ቆቡን አነሣ። «ሾፌር ፈታሽ የማያየው ኪስ አለው» ብሎ የውስጡን ጥብጣብ ገለበጠና ባዶ የኪኒን ማሸጊያ አወጣ። የቢሮው ማኅተም አለበት፦ «ለሽያጭ ያልቀረበ»።

«ጨርቁ እውነቱን ነው፤ መጠጥ ቀንሷል። ወጣቶቹ ጠርሙሱን ጥለው ወደዚህ ማደንዘዣ ኪኒን ተሻግረዋል። እናት አፍ ብታሸት ኪኒን አይሸታትም። ሾፌሩ መረጃ ሲሰበስብ ይህን ከእነሱ እጅ አገኘ። ከየትኛው መጋዘን እንደወጣም ማኅተሙ ነገረው። እስቲ ጻድቁ፣ ቀሪውን አንተ ንገረን።» አሁን አንቱታው ቀርቷል።

«ራስህ ተናገር አለኝ!» ብሎ ጻድቁ ከወንበሩ ዘለለ። «ከሪፖርቱ በፊት ራስህ ተናገር፣ ለእህቴ ስል ዕድል ልስጥህ አለኝ! ያ ሰካራም! እኔን! በዚህ አፌ መጠጥ ዞሮበት የማያውቀውን እኔን!»

«የተያዝከውም በዚሁ ነው» አለ አሞራው። «መጠጥ ገዝተህ ብትረጭበት ኖሮ ሥራ ታበዛብኝ ነበር። ግን መጠጥ ቤት ስትገባ እንዳትታይ ፈራህ። ከመደርደሪያው ባዶ ጠርሙስ፣ ከመጋዘንህ ስፒሪት ወሰድክ። አፍንጫህ ከጠጪ ተለይቶ ስለኖረ፣ ሁሉም አንድ መሰለህ።»

አሞራው የላከው ፖሊስ ፔርሙዙን ከመጋዘኑ ካርቶኖች ኋላ አግኝቶ መጣ። ገና አልታጠበም፤ ሥሩ ላይ ነጭ የኪኒን ዝቃጭ ቀርቷል። ጻድቁን ይዘውት ሲወጡ ሚስቱን ቀና ብሎ አላያትም።

ኃላፊው ላቡን ጠረገ። «እንግዲህ... ሪፖርቱን ለሌላ ቀን እናስተላልፈው። ነገሩም ለጊዜው በመካከላችን ይቆይ።»

ሴትዮዋ ተነሥታ መድረኩን ወጥታ ነበር። ጨርቁን ከሚስማሩ ነቅላ ወረደች፤ ወንድሟን ከራሱ እስከ ጉልበቱ አለበሰችውና ተመልሳ ወጣች። የበረንዳው ሰው በሩ ላይ ተጨናንቋል።

«ማይክራፎኑን አጥፉት!» አለ ኃላፊው።

ሲገባ ማንም ያልተነሣለት አሞራው ብድግ አለና ከማይክራፎኑ ማጥፊያ ፊት ቆመ። «የሚነካው ሰው ካለ እኔን አልፎ ይንካ።»

ሴትዮዋ ማይክራፎኑን ወደ አፏ አስጠጋችው። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

«ቅድም በዚሁ ማይክራፎን ሰክሮ ሞተ የተባለው ሾፌር ወንድሜ ነው። የገደለው የማይጠጣው ባሌ ነው። ወንድሜ አልጠጣም። ብዕር ያወጣችሁ ሁሉ ጻፉ፤ ቀስ ብዬ እደግመዋለሁ።»