ነኢማ እና የቦዩ ቀስተ ደመና

ኧረ ተዉኝ! «ትንሽ ናፍጣ ምን ታደርጋለች?» ነው የምትሉኝ? ቆይ! ምን እንደምታደርግ ነኢማ አይታለች። ስሙኝ!

ነኢማ ትንሽ ልጅ ናት። አጎቷ ጀማል ደግሞ ሰማያዊ ባጃጅ አለው። «ጲጵ! ጲጵ!» ሲል ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

ከሰፈሩ በታች ትንሽዬ ወንዝ አለች። ወንዟ ውስጥ የእንቁራሪት ልጆች አሉ። ጥቁር፣ ድቡልቡል፣ ባለ ጭራ!

ነኢማ እግር እስኪያወጡ ቸኩላለች። በየቀኑ ሄዳ፣ «እግር አወጣችሁ?» ትላቸዋለች።

እነሱ ግን ጭራቸውን ብቻ፣ ውልብ! ውልብ!

አንድ ቀን ጀማል ባጃጁን በር ላይ አጠበ። ሻ! ሻ! ሻ!

ጎማው እንዲያብረቀርቅ ደግሞ በናፍጣ ወለወለው። የተረፈውንስ? ዧ! ወደ ወንዟ በሚወርደው ቦይ ውስጥ ደፋው!

ነኢማ ቦዩን አየች። ኧረ! ውሃው ላይ ቀስተ ደመና! ቀይ! አረንጓዴ! ወይን ጠጅ!

«አጎቴ! ቀስተ ደመና መጣልን!»

«ናፍጣ ነው እኮ፣ የኔ ቆንጆ!» ጀማል ሳቀ። ነኢማ ግን የት ሰምታው! ሮጣለች።

ቀስተ ደመናው ይሄዳል። ነኢማም ትሄዳለች። «ወዴት ነው? ወዴት ነው?»

መንገድ ላይ ቅጠል ዘጋው። ነኢማ ቅጠሉን በእንጨት ገፋችለት። «እለፍ! እለፍ!»

አለፈ። ወንዟ ጋ ደረሰ።

«ስጦታ አመጣሁላችሁ!» አለቻቸው የእንቁራሪት ልጆቹን።

ቀስተ ደመናው ውሃው ላይ ተዘረጋ። እንደ ብርድ ልብስ ሸፈናቸው።

እፍ! ምን ይሸታል? ባጃጅ ባጃጅ ይሸታል!

የእንቁራሪት ልጆቹ ወደ ላይ መጡ። አፋቸውን ከፈት፣ ዘጋ። ከፈት፣ ዘጋ። ውልብ ማለት ቀረ።

ምን?! ይሄ ነው እንዴ ቀስተ ደመና?!

«አጎቴ ጀማል! አጎቴ ጀማል!» ኧረ ጩኸቷ!

ቆማም አልጠበቀችው። ጭቃ አንስታ ቦዩ አፍ ላይ፣ ዷ! ሣር ነቅላ፣ ዷ! ውሃው ግን ገፍቶ አፈረሰባት።

ጀማል እየሮጠ መጣ። «ምን ሆንሽ? እባብ ነው?»

«እያቸው! መተንፈስ አቃታቸው!»

«ትንሽ ናፍጣ እኮ ናት…» አለና ጎንበስ ብሎ አያቸው።

«እኔ ነኝ?» አለ ቀስ ብሎ።

«አንተ ነህ! እኔም መንገድ ከፈትኩለት!» አለች ነኢማ። እንባዋ ዱብ፣ ዱብ።

ጀማል ጫማውን ወዲያ ወረወረ። ጭቃ፣ ዷ! ሣር፣ ዷ! ሁለቱም አንድ ላይ፣ ዷ! ዷ! ዷ!

የቦዩ ውሃ ወደ ሜዳው ዞረ። ወንዟም ከላይ ንጹህ ውሃ አመጣች። ቀስተ ደመናው ቀስ፣ ቀስ እያለ ተበጣጥሶ ሄደ።

አንዱ ጭራውን፣ ውልብ! ሌላውም፣ ውልብ! ውልብ!

«እሰይ! ተነሱ!» ነኢማ ዘለለች።

እየመሸ ነው። ጀማል ነኢማን አዘላት። «ከነገ ጀምሮ ውሃና ጨርቅ ብቻ። ያውም ሣሩ ላይ» አላት።

«እሺ፣ ደህና እደሩ በላቸዋ!»

«ደህና እደሩ፣ ትንንሾቹ» አለ ጀማል።

ሻ! ሻ! ሻ!

ምን?! አሁን ደግሞ ማነው?

ከላይ ከሰፈሩ፣ በቦዩ፣ ነጭ አረፋ እየተንከባለለ መጣ። ከአረፋው ኋላ ሌላ ቀስተ ደመና!

ጀማል ነኢማን እንዳዘለ ወደ ሰፈሩ ዞረና ጮኸ፦

«እናንተ! እዚህ ሕፃናት ሊተኙ ነው! ማነው ናፍጣ የሚያጠጣቸው?!»