የከሸፈችው ሁለተኛዋ ጥይት

ላይል ሃስኬት የሞተው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። የገዛ ሽጉጥ መሸጫው ጀርባ፣ ራስን የመከላከል ትምህርት በሚሰጥበት ክፍል፣ ተማሪዎቹ በሚቀመጡበት የፕላስቲክ ወንበር ላይ። ከሱቁ ባንኮኒ እስከ ወንበሩ ድረስ ደም ተንጠባጥቧል። ወፍራም ጥይት የሚጎርሰውን ትልቁን አርባ አምስት ካሊበር ሽጉጡን ወገቡ ላይ እንደታጠቀ ነው፤ ደረቱ ላይ ደግሞ የሸሚዝ ቁልፍ የማታህል ቀዳዳ አለች።

መርማሪ ጆሊን ፕሩት ስትደርስ ሬሳው ገና አልተነሳም። ሸሪፍ ስታይልስ አጠገቡ ቆሞ ዶናት እየበላ ይስቃል።

«አየሽ ጆሊን፣» አላት ስኳሩን ከጢሙ ላይ እየጠረገ። «ዕድሜውን ሙሉ ‹በሃያ አምስት ካሊበር ትንሽ ጥይት ሰው አይሞትም› ሲል ኖሮ፣ ይኸው በሃያ አምስት ሞተ! አሮጊቷ ናዲን አስተማረችው።»

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል። ጆሊን እዚሁ ሚዙሪ ተወልዳ፣ አባቷም ወንድሞቿም ሽጉጥ ታጥቀው እራት ሲበሉ እያየች ያደገች ናት፤ ሽጉጥ አያስደነግጣትም። ሬሳ ፊት ቆሞ ስለ ጥይት ውፍረት መቀለድ ግን ያቅለሸልሻታል።

ከሟቹ እግር ሥር የወደቀችው ትንሽ ሽጉጥ የናዲን ቱሚ ነበረች። ሚስ ናዲን ሰባውን ያለፉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ ላይል ያቺን ሽጉጥ ለተማሪው ሁሉ ከፍ አድርጎ አሳይቶ፣ «ይቺ ሌባ ታናድዳለች እንጂ አታቆምም! ሚስ ናዲን፣ ከሚተኩሱባት ቢወረውሯት ይሻላል» ብሎ አሳቀባቸው። እሳቸውም በሰው ፊት «አንድ ቀን ታያታለህ!» ብለውት ወጡ። ሸሪፉ ይህችን ቃል ይዞ፣ ዛሬውኑ ሊያስራቸው ቆርጧል። የሴትዮዋ ልብ ደካማ ነው፤ የወረዳው እስር ቤት ከገቡ በእግራቸው እንደማይወጡ ጆሊን ታውቃለች።

እሷን የከነከናት ግን ሌላ ነገር ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ላይል ደውሎላት ነበር።

«ነገ ጠዋት ቢሮሽ እመጣለሁ። ስለ ዌይድ ሽጉጥ የምነግርሽ አለኝ» አላት።

ዌይድ በጸደይ ሚስቱን ተኩሶ የገደለ ሰው ነው። ሽጉጥ እንዳይዝ ፍርድ ቤት ከልክሎት ሳለ፣ ማን በስውር እንደሸጠለት እስካሁን አልታወቀም።

«አንተ ነህ የሸጥክለት?» ብላ ጠይቃው ነበር።

«እኔ ብሆን ይቀለኝ ነበር» ብሎ ዘጋው።

ሬሳውን ጠዋት ያገኘው የላይል ሸሪክ ኦርቪል ቢክስ ነው። ጆሊን ወደ ጥግ ወሰደችው።

«የሚስ ናዲን ሽጉጥ እዚህ ምን ትሠራለች?»

«የእጀታዋ ብሎን ላልቶ ለጥገና ትተዋት ሄዱ። እኔው ጠግኜ ባንኮኒው ሥር፣ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኳት። የራሳቸውን ጥይት ከጎኗ አድርጌ። ባላቸው በሕይወት እያሉ የገዙት ጥይት ነው፣ ያረጀ። ይጣሉት ብላቸው እምቢ አሉ።»

«መሳቢያው ይቆለፋል?»

«ኧረ ወዲያ! ከባንኮኒው ጀርባ የምንገባው እኔ፣ ላይልና ልጁ ትሬንት ብቻ ነን። ሚስ ናዲንም ቢሆኑ ትናንት ማታ መጥቼ እወስዳታለሁ ብለው ነበር።»

«ሰው ቢተኩስበት ላይል ምን ያደርግ ነበር?»

ኦርቪል ፈገግ አለ። «እኔም ብሆን ወንፊት ነበር የሚያደርገኝ። ‹የተኮሰብህን እስኪወድቅ ተኩስበት› እያለ አይደል እንዴ ያስተማረው?»

ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ መጣ። «ቶሎ አልሞተም። ደሙ ወደ ውስጥ ነው የፈሰሰው። በእግሩ ሄዶ፣ ተቀምጦ፣ ደቂቃዎች ቆይቷል። እጁም ጤነኛ ነበር።»

ጆሊን ጎንበስ ብላ የሟቹን ወገብ አየች። የሽጉጡ ማህደር ማሰሪያ ተከፍቷል። ሽጉጡ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ቀጥላ የሚስ ናዲንን ሽጉጥ በእስክሪብቶ ጫፍ ገለበጠቻት። አንዲት የተመታች ግን ያልፈነዳች ጥይት አፈሙዙ ውስጥ ተቀርቅራ፣ ሌላ ጥይት ደግሞ ከኋላዋ መጥታ ተሰንቅራለች። እንዳለች ላስቲክ ቦርሳ ውስጥ ከተተቻት።

የሟቹ ልጅ ትሬንት፣ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ጎልማሳ፣ ከሱቁ ደጃፍ መኪናው ላይ ተደግፎ ያለቅሳል።

«ማን የገደለው ይመስልሃል?» አለችው።

«ይሄ ምን ጥያቄ አለው? አሮጊቷ ናታ! አባቴን በላችብኝ! እንደዛች ያለች አሻንጉሊት ሌላ ማን ይይዛል? እኔ ነክቻት እንኳ አላውቅም፤ ያሳፍራል።»

ከሰዓት በኋላ ጆሊን ሁሉንም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሚስ ናዲን ቦርሳቸውን አቅፈው ተቀመጡ። ጆሊን ጠረጴዛው ላይ የእሳቸውን የመሰለች ሌላ ሽጉጥ አስቀመጠች፤ ባሩድ የሌላቸው የመለማመጃ ጥይቶች ጎርሳለች።

«ሸሪፍ፣ ካቴናውን ከማውጣትዎ በፊት አንድ ነገር እንይ። ተኩሳችሁ ጥይቱ ከሸፈ እንበል። ትሬንት፣ አንተ የአባትህ ምርጥ ተማሪ ነህ አሉ፤ አሳየን።»

የትሬንት እጅ ከሐሳቡ ቀደመ። ቃታውን ሳበ፣ ቀጭ አለ። የካዝናውን ቂጥ በመዳፉ መታ፣ አቀባበለ። ሁለተኛዋ ጥይት መጥታ ከመጀመሪያዋ ኋላ ተሰነቀረች። ደጋግሞ ጎተተ፤ እምቢ አለው።

«ቆሻሻ ሽጉጥ!»

ጆሊን አስተካክላ ለሚስ ናዲን ሰጠቻቸው። ሴትዮዋ በጎበጠ ጣታቸው አንዲት ቁልፍ ተጫኑ፤ አፈሙዙ ከኋላው ብድግ አለ፣ የከሸፈችውን ጥይት በጥፍራቸው ለቅመው አወጡ።

«ማቀባበል የሚችል ጣት ቢኖረኝማ ትልቁን እገዛ አልነበር?» አሉ። «ባሌ ይቺን የመረጠልኝ ለዚሁ ነው።»

ኦርቪልም እንደሳቸው አደረገ። «የከሸፈ ጥይት ጎትቶ የሚያወጣ ነገር የላትም እኮ። አፈሙዟን ካላነሳሽ ብታቀባብይ፣ ብታቀባብይ...» ብሎ ሳይጨርሰው ዞረ። ትሬንትን አየው።

ጆሊን ትክክለኛዋን ሽጉጥ ከላስቲክ ቦርሳዋ ሳታወጣ ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። አቀራቀሯ ትሬንት አሁን በፊታቸው ከሠራው ጋር አንድ ነው።

«ትናንት ማታ የመጀመሪያዋ ጥይት ላይልን መታችው፤ ግን አልወደቀም። ገዳዩ ደገመ፤ ያረጀችው ጥይት ከሸፈች። ያኔ ካዝናውን መትቶ አቀባበለ። ይሄ የሠለጠነ ሰው እጅ ነው። ሚስ ናዲን ጣታቸው አይችልም፤ ቢችልም እንደዚያ አያደርጉም። ኦርቪል ደግሞ በገዛ እጁ ጠግኗታል፤ ጠባይዋን ያውቃል። እንግዲህ ከባንኮኒው ጀርባ የሚገባ፣ የሠለጠነ፣ ግን ይቺን ሽጉጥ ንቆ ነክቷት የማያውቅ ማን ቀረ?»

«ሌባ ይሆናላ!» አለ ትሬንት። ድምፁ ቀጥኗል።

«ሌባ ቢሆን አባትህ ሽጉጡን ያወጣ ነበር። ጊዜ ነበረው፣ እጁም ጤነኛ ነበር፣ ማህደሩንም ከፍቷል። ግን አላወጣም። ከገዛ ልጁ በቀር በማን ላይ ነው እጁን የሚሰበስበው? ለዌይድ ሽጉጡን የሸጥከው አንተ ነህ፤ አባትህ ‹እኔ ብሆን ይቀለኝ ነበር› ያለኝ ለዚህ ነው። አባትህ ዛሬ ጠዋት ሊነግረኝ ነበር። አንተ ደግሞ ከተማው በሙሉ የሳቀባቸውን ሴትዮ መረጥክ፤ በሳቸው ላይ ማሳበብ ይቀላልና። ጠዋት ደጅ ላይ ያ ሁሉ ለቅሶ! ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል።»

ትሬንት ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«እጁን ሽጉጡ ላይ አደረገ» አለ መሬት መሬት እያየ። «ሊተኩስብኝ ነው ብዬ ደገምኩ። እምቢ አለኝ። ስታገል ዝም ብሎ ያየኛል። ከዚያ እጁን ከሽጉጡ አነሳ።»

«ምን አለህ?»

«‹ሂድ በቃ፣ ሰው ሳይመጣ ሂድ› አለኝ።»

«ሄድክ?»

«ከተረፈ ይናገራል ብዬ... ባንኮኒው ጋ ቆሜ ጠበቅሁ።»

ጆሊን ወደ ባንኮኒው ዞራ አየች። ስልኩ ያለው ባንኮኒው ላይ ነው፤ ልጁ የቆመው ከጎኑ ነው። ሰውዬው እያየው ነው የሞተው። ሸሪፉ ካቴናውን አውጥቶ ለጆሊን አቀበላት።

ኦርቪል ግን ጭንቅላቱን እየነቀነቀ፣ «ያም ሆኖ ላይል ልክ ነበር ማለት ነው። ሃያ አምስት አላቆመውም እኮ! ቢፈልግ ኖሮ...» አለ።

«አፍህን ዝጋ ኦርቪል!» አሉ ሚስ ናዲን። «ትልቁን ታጥቆ ነው የሞተው።»

ጆሊን ትሬንትን በካቴና አስራ ወደ ውጭ ይዛው ወጣች። የመኪና ማቆሚያው በሰው ሞልቷል፤ ከሱቁ ደንበኞች የቀረ የለም። አንዱ ወፍራም ሰውዬ የቢራ ጣሳውን ይዞ እየተጋፋ መጣ።

«ጆሊን! እውነት ነው፣ በሃያ አምስት ተመትቶ ወንበር ድረስ በእግሩ ሄደ?»

«አላልኳችሁም!» አለ ሌላው ከኋላ። «አያቆምም ብያለሁ!»

«ሞቷል እኮ፣ ምን ትፈልጋለህ?» አለ ሦስተኛው፤ ክርክሩ ጦፈ። ጆሊን ትሬንትን እየጎተተች በመሐላቸው አለፈች። መንገድ ለቀቁላት፤ እሱን ግን ዞር ብሎ ያየው የለም። አባቱን ለምን እንደገደለ የጠየቀም አንድ ሰው አልነበረም።