የኦርኬስትራው ወራሽ

የኦርኬስትራው መሪ ቤቱ ውስጥ፣ ፒያኖ በሚመስለው ጥንታዊ ሃርፕሲኮርዱ እግር ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን የተመታበት ከባድ የብረት ኖታ ማቆሚያ አጠገቡ ወድቋል። ዕድሜውን ሙሉ ባሮክ ከሚባለው ከጥንቱ የአውሮፓ ዘመን የተረሱ ሙዚቃዎችን እየፈለገ፣ በአንድ እጁ እየተጫወተ በሌላው ኦርኬስትራውን እየመራ የኖረ ሰው ነው። ውሃ ቀጠነ ብሎ ይቆጣል፤ ሲጫወት ግን ሁሉም ይቅር ይለዋል።

መርማሪዋ ስትደርስ ፖሊሶቹ ሴት ልጁን ሊወስዷት ተነሥተዋል። በዝግታዋ «ቀስ በቀስ» የሚል ስም ያወጡላት እነዚሁ ባልደረቦቿ ዛሬስ የሚያዘገይ ነገር የለም አሏት። ቫዮሊን ተጫዋቿ ልጅ ጠዋት ከአባቷ ጋር ስትጨቃጨቅ ተሰምታለች፤ ሬሳውንም ያገኘችው እሷው ናት። በምን እንደተጣሉ ስትጠየቅ ግን አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። መርማሪዋ አዘነችላት፤ ተናደደችባትም።

የምክትል መሪው ቃል ደግሞ ነገሩን አከረረው።

«ስሰናበታቸው ደህና ነበሩ» አለ። «በሩን ዘግቼ ስወጣ መጫወት ጀመሩ። ግቢው ውስጥ ቆሜ እስከ መጨረሻው አዳመጥኳቸው። ከዚያ ልጃቸው ስትገባ አየሁ።»

«አጨዋወታቸው እንዴት ነበር?»

«እንደ ሁልጊዜው ነዋ። እንከን አይወጣለትም።»

መርማሪዋ ወደ ሟች ሚስት ሄደች። ሴትዮዋ የዚያን ጊዜ ቤት አልነበረችም፤ ሃርፕሲኮርዱ ግን ጠዋት ከኮንሰርት ጉዞ በጭነት መኪና መመለሱን ታውቃለች።

«መንገድ ቅኝቱን ያበላሸዋል» አለች እንባዋን እየጠረገች። «እሱ ደግሞ ካልቃኘው አይጫወትም። በሠርጋችን ቀን እንኳ ያን ሁሉ እንግዳ አስቀምጦ ሲቃኝ ነው የዋለው።»

መርማሪዋ ሁሉንም ሃርፕሲኮርዱ ዙሪያ ሰበሰበች። ከግራ ጀምራ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነካች። ድምፁ የጠራ ነበር። መሃሉን ስታልፍ ግን ጆሮን እንደ ጥርስ ሕመም የሚነዘንዝ ሆነ፤ እስከ ቀኝ ጫፍም አልተስተካከለም።

«ግማሹን ቃኝተው ግማሹ ላይ አልደረሱም» አለች። «ካልቃኙ ደግሞ አይጫወቱም። ቢጫወቱ እንኳ በዚህ መሣሪያ እንከን የሌለው ነገር አይወጣም። አንተ ሰማሁ ያልከው ሙዚቃ አልነበረም።»

«ምናልባት ተሳስቼ...»

«አልተሳሳትክም። መቃኛውን አስቀምጠው ሲያነጋግሩህ የጨረሱ መሰለህ። ከመታሃቸው በኋላ፣ ስትወጣ በሕይወት ነበሩ ለማለት ሙዚቃውን ፈጠርክ። ልጅቷ ስትገባ ማየትህም ጠቀመህ።»

ምክትሉ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ፀጉሬ እስኪሸብት ከኋላቸው ቆሜያለሁ» አለ። «ዛሬ 'የመሪነቱን ወንበር ለልጄ ሰጥቻለሁ' አሉኝና ፊታቸውን ወደ ሃርፕሲኮርዱ አዞሩ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረግኩ አላውቅም።»

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች።

«የተጣላነው በዚሁ ነበር» አለችው። «'የሚገባው ለምክትልህ ነው፣ እኔ አልቀበልም' አልኩት። አባቴ እንዳልመረጠህ ከእኔ አፍ እንዳትሰማ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እኔ እምቢ ካልኩ ከአንተ ሌላ ማን ነበረው?»

ምክትሉ እጆቹን ለካቴናው ዘረጋ፤ ዓይኗን ለማየት ግን ድፍረት አጣ።