በማሪት ግንብ ሥር

ባሕሩ በሸሸበት ማለዳ ማሪት ሃልቨርሰን ራሷ በነደፈችው ግንብ ሥር በደረቷ ተደፍታ ተገኘች። ማጅራቷ ተፈንክቷል፤ ልብሷ ገና ደረቅ ነው። ግንቡ የሳልተር ወደብን ከማዕበል እንዲከላከል፣ በየጉድጓዱም ሸርጣንና ዓሣ እንዲያኖር የተሠራ ነበር። ሕይወት ሞላበት ተብሎ ከተማው ሁሉ ኮርቶበታል።

መርማሪ ኮራ ባውቲስታ ስትደርስ ፖሊሶቹ ባሏን አይናርን ሊያስሩት ነበር። ጥቆማው የሊኔት ነው። ሊኔት የግንቡን እንስሳት የምትቆጥር፣ ሃያ ዓመት ቤታቸው እንደ እህት የኖረች ሴት ናት።

«ትናንት ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ» አለች እያለቀሰች። «አይናርዬ፣ ይቅር በለኝ።»

አይናር ቀና ብሎ አያትና እጆቹን ለፖሊሶቹ ዘረጋ።

«እኔንም ጻፉኝ እንጂ!» አለ ግንበኛው ዱዌን። «ኮንክሪትህ ለስልሷል፣ ሸርጣን አይይዝበትም እያለች ስንቴ አስፈርሳኛለች! መግደል ቢያምረኝ ኖሮ ያኔ አልገድላትም ነበር?»

ኮራ ከሬሳው ዙሪያ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ስታነሳ ቆየች። ከዚያ ሦስቱንም ዳርቻው ላይ ጠራቻቸው።

«እስቲ እያንዳንዳችሁ ከድንጋይ ሥር አንድ ሸርጣን አሳዩኝ።»

«ቀልድ ነው እንዴ?» አለና ዱዌን አንዱን ድንጋይ በእግሩ ገለበጠው። አይናርም ሌላውን ገልብጦ ተወው። ሊኔት ግን አንድ ድንጋይ ከፍ አድርጋ ሸርጣኑን አሳየቻትና ድንጋዩን በሁለት እጇ ቀስ አድርጋ ወደ ቦታው መለሰችው።

«ለምን መለሱት?»

«ፀሐይ እንዳይገድላቸው ነዋ! ማሪት ናት ያስተማረችኝ…»

«ማሪት የተመታችበት ድንጋይም ተመልሷል» አለች ኮራ። «ደሙ ከሥሩ ነው፤ የባሕር ሣሩ ወደ ላይ፣ ሸርጣኖቹም በሕይወት አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ወርውሮት ይሮጥ ነበር። የእርስዎ እጅ ግን ልማዱን አልረሳም። የግንቡንም ጉድጓዶች አየሁ፤ አብዛኞቹ ባዶ ናቸው። ስንት እንስሳ ብለው ነበር የጻፉት?»

ሊኔት እርጥቡ አሸዋ ላይ ቁጭ አለች።

«ቁጥሩ ሐሰት መሆኑን ደረሰችበት። ዛሬ ማዘጋጃ ቤት እሄዳለሁ አለችኝ። ድንጋዩን አነሳሁ፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንዳለች አልሰማሁም።»

ያን ጊዜ አይናር አፉን ከፈተ።

«የተጨቃጨቅነው ባንቺ ነው። ማዘጋጃ ቤት ሄዳ የቁጥሩ ስህተት የኔ ነው ብላ በስሟ ልትፈርም ነበር። አትሸፍኚላት ብላት አስምላ ዝም አሰኘችኝ። ሊያስሩኝ ሲሉ እንኳ መሐላዬን ጠብቄ ነበር።»

«አልነገረችኝም!» አለች ሊኔት።

«ዛሬ ጠዋት የወረደችው እኮ ልትነግርሽ ነበር» አላት።